የበሬ ግንባር በምታክል ሜሞሪ
የቀድሞዎቹ የግል ኮምፒዩተሮች ጥበትና የተገኘለት መላ

የመጽሔቱ አዘጋጅ ኮሚቴ ከሙያዬ ጋር የተያያዘ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ አመንትቼ ነበር። በበዓል ቀን ስለ ኮምፒዩተር ማን ማንበብ ይፈልጋል? ነገር ግን ከኮሚቴው አባላት አንዷ እናት "ልጆቻችን የደረሱት ሁሉ ነገር ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ነው፤ እንዴት እንደተሠራ የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋል" ስላሉኝ ቃላቸውን አክብሬ ብዕሬን አነሣሁ።

የማቀርበው ታሪክ የአንድ ጥበት ታሪክ ነው። ዛሬ በኪሳችን ከምንይዛቸው ስልኮች ብዙዎቹ 4 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ሜሞሪ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በየቢሮውና በየትምህርት ቤቱ የገባው የግል ኮምፒዩተር ግን ለፕሮግራም የሚተወው ቦታ ቢበዛ 640 ኪሎባይት ነበር። ልዩነቱ ከ6,500 እጥፍ በላይ ነው። በዚያች የበሬ ግንባር በምታክል መሬት ላይ ሰዎች አርሰው፣ ዘርተውና አጭደው ነው ለዛሬው የደረስነው። እኔም በወጣትነቴ የዚያ ጥበት ተካፋይ ስለነበርኩ ከመጻሕፍት የተማርኩትን ካየሁት ጋር እያዛመድኩ አቀርባለሁ።

አስተርጓሚውና ጠረጴዛው

ነገሩ ለሁሉም ግልጽ እንዲሆን ከመሠረቱ ልጀምር። ፕሮግራም ጸሐፊ ለኮምፒዩተር የሚሰጠውን ትእዛዝ የሚጽፈው ሰው ሊያነበው በሚችል ቋንቋ ነው። ፓስካል፣ ሲ፣ ፎርትራን የሚባሉት እንዲህ ያሉ ቋንቋዎች ናቸው። ኮምፒዩተሩ ግን ከቁጥር በቀር የሚገባው ነገር የለም። ስለዚህ በመካከላቸው አስተርጓሚ ያስፈልጋል። ይህን አስተርጓሚ ባለሙያዎች ኮምፓይለር ይሉታል፤ እርሱም ራሱ ፕሮግራም ነው።

በአገር ቤት ከፍርድ ቤት ደጃፍ ትንሽ ጠረጴዛ ዘርግተው የሚቀመጡትን ማመልከቻ ጻፊዎች ታስታውሳላችሁ። ባለጉዳዩ የሚነግራቸውን በሕግ ቋንቋ አስተካክለው ይጽፋሉ። ኮምፓይለርም እንደ እነርሱ ነው። ሥራውን ለመሥራት አራት ነገሮች ከፊቱ መዘርጋት አለባቸው፤ የባለጉዳዩ ጽሑፍ፣ እርሱ ራሱ የሚመራበት የደንብ መጽሐፍ፣ በጽሑፉ ውስጥ ያገኛቸውን ስሞች የሚመዘግብበት ደብተር፣ በመጨረሻም ትርጉሙ የሚጻፍበት ወረቀት። ሜሞሪ ማለት ጠረጴዛው ነው። ዲስክ ማለት ደግሞ ከጠረጴዛው ሥር ያለው ሣጥን ነው። ሣጥኑ ብዙ ዕቃ ይይዛል፤ ነገር ግን እየጎነበሱ ማውጣትና መመለስ ጊዜ ይወስዳል። የባለጉዳዩ ጽሑፍ እየረዘመ ሲሄድ አራቱ ነገሮች ጠረጴዛው ላይ አብረው አይበቁም። ያን ጊዜ ኮምፒዩተሩ "ሜሞሪ አልቋል" የሚል መልእክት ጽፎ ሥራውን ያቆማል።

ስልሳ ሦስት ተረኞች

ይህ ችግር ከግል ኮምፒዩተር በፊት የነበረ ነው። አይ ቢ ኤም እ.ኤ.አ. በ1959 ሞዴል 1401 የተባለውን ኮምፒዩተር ለገበያ ሲያስተዋውቅ መሣሪያው ግዙፍ ቢሆንም ሜሞሪው በሺህ በሚቆጠሩ ሆሄያት የሚለካ ነበር። የፎርትራን ኮምፓይለር ሲሠራለት 8,000 ሆሄ በሚይዝ ሜሞሪ ውስጥ እንዲሠራ ተፈለገ። ሙሉ ኮምፓይለር በዚያ ውስጥ ሊገባ አይችልም።

የሥራው ባለሙያዎች ነገሩን ገለበጡት። የተለመደው ኮምፓይለሩ ተቀምጦ የሚተረጎመው ጽሑፍ በፊቱ እንዲያልፍ ነው። እነርሱ ግን የሚተረጎመውን ፕሮግራም ሜሞሪው ውስጥ አስቀመጡትና ኮምፓይለሩን ለ63 ክፍሎች ቆራረጡት። እያንዳንዱ ክፍል በተራው ይመጣል፣ ድርሻውን ይሠራል፣ ይሄዳል፤ ቀጣዩም እርሱ በለቀቀው ቦታ ይቀመጣል። ስልሳ ሦስተኛው ሲወጣ ፕሮግራሙ ተተርጉሞ አልቋል። ሌናርድ ሄይንስ ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጡት ጽሑፍ አስረድተዋል። ቁም ነገሩ "ሁሉም ይግባ" ማለትን ትቶ "አሁን በዚህች ሰዓት የግድ መኖር ያለበት ማነው?" ብሎ መጠየቅ ነው። ከዚህ በኋላ የምንተርካቸው መላዎች ሁሉ የዚህ ጥያቄ ልጆች ናቸው።

640 ከየት መጣ?

አይ ቢ ኤም የመጀመሪያውን የግል ኮምፒዩተር ያወጣው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 12 ቀን 1981 ነው። ዝቅተኛው ዋጋ 1,565 ዶላር ሲሆን፣ በዚያ ዋጋ የሚገኘው ሜሞሪ 16 ኪሎባይት ብቻ ነበር። በውስጡ ያለው የኢንቴል 8088 ፕሮሰሰር ሜሞሪን የሚጠራባቸው መስመሮች 20 ናቸው። እያንዳንዱ መስመር ሁለት ዓይነት ምልክት ብቻ ስለሚሰጥ፣ 2ን በራሱ 20 ጊዜ ስናባዛ 1,048,576 ይመጣል። ፕሮሰሰሩ ከዚህ ቁጥር በላይ የሆነ አድራሻ ሊጠራ አይችልም። ይህም አንድ ሜጋባይት ወይም 1,024 ኪሎባይት ነው።

መሐንዲሶቹ ከዚህ ላይ የላይኛውን 384 ኪሎባይት ለስክሪኑና ለመሣሪያው ቋሚ ፕሮግራሞች ከለሉት። የተረፈው 640 ሆነ። በጊዜው ኮምፒዩተሩ በ16 እና በ64 ኪሎባይት ይሸጥ ስለነበር 640 እንደ ሰፊ ሜዳ ታየ። "640 ለማንም ይበቃል" የሚለው አባባል የቢል ጌትስ ነው ሲባል ይሰማል፤ እርሳቸው ግን አላልኩም ብለው አስተባብለዋል። ማንም ይበለው ማን ሜዳው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሞላ። ከ640ውም ላይ ዶስ የተባለው ሥርዓተ ክወና የራሱን ድርሻ ይወስዳል።

ሌላም ጥበት ነበረ። ያ ፕሮሰሰር በአንድ ጊዜ አሻግሮ የሚያየው 65,536 ባይት ማለትም 64 ኪሎባይት ብቻ ነው። ሜዳው በአጥር የተከፋፈለ ያህል ነበር። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ለመሻገር በር መክፈት፣ በር መዝጋት ያስፈልጋል። ለዚህ ነው በዚያ ዘመን የሠራ ፕሮግራም ጸሐፊ ሁሉ 64 የሚለውን ቁጥር እስከ ዛሬ በሕልሙ የሚያየው።

አነስተኛው አስተርጓሚ

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በግል ኮምፒዩተር ላይ ፕሮግራም መተርጎም ትዕግሥትን ይጠይቅ ነበር። የአይ ቢ ኤም ፓስካል ኮምፓይለር በክፍል በክፍል የተቆራረጠ ነበር። አንደኛው ክፍል ሥራውን ጨርሶ ውጤቱን ዲስክ ላይ ይጽፋል፤ ሁለተኛው ከዚያ አንብቦ ይቀጥላል፤ በመጨረሻ ደግሞ ሊንከር የሚባለው ቁርጥራጩን ይገጣጥማል። ሃርድ ዲስክ የሌለው ሰው በየመካከሉ ፍሎፒ እያወጣ ሌላ ይከታል። አንዲት ነጠላ ሰረዝ የረሳ ሰው ስህተቱን አርሞ ሁሉንም እንደገና ይጀምራል።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 1983 ቦርላንድ የተባለ ኩባንያ ቱርቦ ፓስካልን በ49.95 ዶላር ለገበያ አቀረበ። የኮምፓይለሩ ደራሲ አንደርስ ሄልስበርግ የተባለ ዴንማርካዊ ነው። ይህ ሰው ጽሑፍ ማረሚያውንም ኮምፓይለሩንም በአንድነት አጣምሮ እጅግ አነስተኛ አደረገው። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው 3.02 ቁጥር ፕሮግራሙ በጠቅላላ 39,731 ባይት ብቻ ነበር። ዛሬ በስልክ የምናነሣው አንድ ፎቶግራፍ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ኮምፓይለሩ ትንሽ ስለሆነ ከሚተረጎመው ጽሑፍና ከትርጉሙ ጋር ሜሞሪው ውስጥ አብሮ ይቀመጣል፤ ዲስክ ሳይነካ በሰከንዶች ውስጥ ይተረጉማል። ጠረጴዛው ባይሰፋም ማመልከቻ ጻፊው የደንብ መጽሐፉን በኪስ መጠን አሳጥሮ ጻፈው ማለት ነው።

ይሁንና ይህ ፍጥነት የራሱ ወሰን ነበረው። በ3ኛው ቁጥር የፕሮግራሙ ዋና ትእዛዝ ከ64 ኪሎባይት ማለፍ አይችልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው 4ኛው ቁጥር ፕሮግራሙን "ዩኒት" በሚባሉ ክፍሎች መከፋፈልን አመጣ። እያንዳንዱ ዩኒት የየራሱ 64 ኪሎባይት ተፈቀደለት። የቋሚ መረጃዎቹ ማኖሪያ ግን ለሁሉም በጋራ ያው አንድ 64 ኪሎባይት ሆኖ ቀረ። እኔ የወደቅሁትም በዚህ ጉድጓድ ውስጥ ነው።

የአማርኛ ፊደልና የእኔ ስህተት

በ1980ዎቹ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች የአማርኛን ፊደል በኮምፒዩተር ለማስገባት በአገር ቤትም በውጭም ይደክሙ ነበር። በአሜሪካ ከደከሙት መካከል አቶ ፍሥሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ ይጠቀሳሉ። ከኋላቸው ደግሞ ስማቸው ያልተነሣ፣ በየመኝታ ክፍላቸው በትርፍ ጊዜያቸው የሚሞክሩ ተማሪዎች ነበሩ። እኔም ከእነዚህ ከመጨረሻዎቹ አንዱ ነበርኩ።

እንግሊዝኛ ለአንድ ሆሄ አንድ ባይት ይበቃዋል፤ አንድ ባይት ደግሞ 256 ዓይነት ምልክት ይወክላል። የእኛ ፊደል 33 ቤተሰብ በ7 ሲባዛ 231 ነው። እነ ቋ፣ ኋ፣ ኳ፣ ጓ ከነወንድሞቻቸው 20፣ ቁጥሮቹ ሌላ 20፤ እነ ሏ እና ሟ፣ ነጥቦቹም ሲጨመሩ ወደ 300 ይጠጋል። ከእንግሊዝኛው ጋር በ256 ውስጥ አይገባም። ስለዚህ እያንዳንዱን ሆሄ በነጠብጣብ ሥዕል መሥራት ያስፈልግ ነበር። በ16 በ16 ነጠብጣብ የተሠራ ሆሄ 32 ባይት ይፈልጋል፤ ለ300 ሆሄ 9,600 ባይት ነው፤ ይህ አያስቸግርም። ለርእስ የሚሆን ትልቅ ሆሄ በ48 በ48 ሲሠራ ግን እያንዳንዱ 288 ባይት፣ ሦስት መቶው 86,400 ባይት ይሆናል። ይህ ከ65,536 ይበልጣል።

እ.ኤ.አ. በ1989 በምኖርበት ከተማ የነበረው የኢትዮጵያውያን ማኅበር ባለ አራት ገጽ ወርሃዊ ዜና ያወጣ ነበር። ጽሑፉ በታይፕ፣ ርእሱ በእጅ ነበር የሚጻፈው። እኔም በወጣትነት ድፍረት "ርእሱን በኮምፒዩተር እሠራለሁ" ብዬ ቃል ገባሁ። የነበረኝ መሣሪያ 512 ኪሎባይት ሜሞሪና ሁለት የፍሎፒ ማስገቢያ ያለው፣ ከወዳጅ የተዋስኩት ኮምፒዩተር ነው። ሆሄያቱን ሁሉ በቁጥር አድርጌ በፕሮግራሙ ጽሑፍ ውስጥ ደረደርኳቸው። አንድ ባይት በጽሑፍ ሲሰፍር እስከ አራት ምልክት ስለሚወስድ ጽሑፉ አንድ ሙሉ ፍሎፒ ሊሞላ ትንሽ ነበር የቀረው። ኮምፓይለሩም አልቀበልም አለኝ። መጀመሪያ "ሜሞሪ አልቋል" አለ፤ ያንን እንደ ምንም ሳልፍ "የመረጃው ክፍል ከመጠን በላይ ሆነ" አለ።

ምን አደረግሁ? መቀነስ ጀመርኩ። "ድምፃቸው አንድ የሆነ ሆሄያት ምን ያደርጋሉ?" ብዬ ሐመሩን ሐ፣ ብዙኃኑን ኀ፣ ንጉሡን ሠ፣ ዐይኑን ዐ፣ ፀሐዩን ፀ ከነቤተሰባቸው አወጣኋቸው። 35 ሆሄ ቀነሰ። አልበቃም። ቁጥሮቹን 20፣ እነ ቋን 20፣ ከነጥቦቹም አምስት ጨመርኩ። 220 ሆሄ ቀረ፤ 63,360 ባይት። አሁን ገባ! ኮምፓይለሩ ተረጎመ፣ ማተሚያው እየጮኸ አተመ፣ እኔም ጮቤ ረገጥኩ።

በዚያ ወር ዜና ላይ ለማኅበሩ የጽሕፈት መሣሪያ በስጦታ የሰጡ አንድ አባት በርእሱ ስማቸው ተጠቅሶ ይመሰገኑ ነበር። ስማቸው የሚጀምረው በኃ ነው፤ የአባታቸው ስም በሥ። በእኔ ፊደል ሁለቱም ተለውጠው ወጡ። በሳምንቱ ስብሰባ ላይ ወረቀቱን ይዘው መጡና አጠገቤ ተቀመጡ።

"ልጄ፣ ይህ ሰው ማነው?" አሉኝ፣ ርእሱን በጣታቸው እያሳዩ።

"እርስዎ ነዎት እንጂ ጋሼ" አልኩ።

"እኔ በብዙኃኑ ነው የምጻፈው። አባቴም በንጉሡ ነው። ይህ ሌላ ሰው ነው።"

የኮምፒዩተሩን ጥበት በዝርዝር አስረዳኋቸው። አንገታቸውን ደፍተው በጥሞና ሰሙኝ። ከዚያም ሳይቆጡ እንዲህ አሉ፦ "እኛ ቤት አሥር ሆነን ነው ያደግነው፤ ክፍሉ አንድ ነበር። ቤት ጠበበ ተብሎ ልጅ ወደ ውጭ ይጣላል እንዴ? በፈረቃ ይተኛል እንጂ።"

ምላሽ አልነበረኝም። እኒያ አባት ኮምፒዩተር ነክተው የማያውቁ ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን የ1401ን 63 ክፍሎች የሠሩት ባለሙያዎች ያወቁትን ያውቁ ነበር።

መቀነስ ቀርቶ ማፈራረቅ

ከዚያ ቀን ጀምሮ የያዝኩት ሥራ የፈረቃ ሥራ ሆነ። በዚያን ዘመን ይህን ችግር ያለፈ ፕሮግራም ጸሐፊ ሁሉ የሄደበት መንገድ ስለሆነ በቅደም ተከተል ላቅርበው።

አንደኛው፣ ትርጉሙን ሜሞሪ ላይ ሳይሆን ዲስክ ላይ ማስጻፍ ነው። ቱርቦ ፓስካል በልማዱ ትርጉሙን እዚያው ሜሞሪ ላይ ያኖራል። ይህ እንጀራውን ጋግሮ ምጣዱ ላይ እንደ መተው ነው። አንዲት ምርጫ ለውጦ "ወደ ዲስክ" ማለት የጋገሩትን እያነሡ መሶብ ውስጥ መደርደር ነው። ሊንከሩም የሚሠራበትን ጊዜያዊ ቦታ ወደ ዲስክ ማዛወር ይቻላል። ሥራው ይዘገያል፤ ነገር ግን ይፈጸማል።

ሁለተኛው፣ ጽሑፍ ማረሚያውን ማስወጣት ነው። ከቱርቦ ፓስካል ጋር ማረሚያና መስኮት የሌለው፣ ከዶስ መስመር ላይ ብቻ የሚጠራ ሌላ ኮምፓይለር አብሮ ይመጣ ነበር። ጽሑፉን አርሞ፣ ማረሚያውን ዘግቶ፣ ይህንን መጥራት ለትርጉሙ ቦታ ያስለቅቃል። የሚያርመውና የሚተረጉመው በአንድ ጊዜ አብረው መቀመጥ የለባቸውምና።

ሦስተኛው፣ ፕሮግራሙን በትናንሽ ዩኒት መከፋፈል ነው። የተተረጎመ ዩኒት ካልተነካ እንደገና መተርጎም አያስፈልገውም። ስለዚህ ኮምፓይለሩ በአንድ ጊዜ የሚሸከመው የተለወጠውን ክፍል ነው።

አራተኛው መረጃን ከፕሮግራሙ ጽሑፍ ማውጣት ነው። የእኔ ትልቁ ስህተት ሆሄያቱን ፕሮግራሙ ውስጥ መጻፌ ነበር። አውጥቼ በተለየ ፋይል ዲስክ ላይ አኖርኳቸውና ፕሮግራሙ በሚያስፈልገው ሰዓት ቤተሰብ በቤተሰብ እንዲያነባቸው አደረግሁ። የአንድ ቤተሰብ 7 ሆሄ 2,016 ባይት ብቻ ነው። አንድ ርእስ ሁሉንም ፊደል አይጠቀምም፤ "ማኅበር" ለማለት የመ፣ የኀ፣ የበ እና የረ ቤተሰብ ይበቃል። የቀሩት በሣጥናቸው ተኝተው ይጠብቃሉ። በዚህ መንገድ የጣልኳቸው 80 ሆሄ ሁሉ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

አምስተኛው ኦቨርሌይ የሚባለው ነው። ይህ የፕሮግራሙን ትእዛዞች ራሳቸውን በፈረቃ ማስገባት ነው። ለምሳሌ የመጻፊያው ክፍል 40 ኪሎባይት፣ የማተሚያው 30፣ የሥዕል መሥሪያው 50 ቢሆን ሦስቱ አብረው 120 ይይዛሉ። ሦስቱ አንድ ቦታ በተራ እንዲቀመጡ ከተደረገ ግን የሚበቃው የትልቁ ልክ፣ ማለትም 50 ነው። ቱርቦ ፓስካል በ3ኛው ቁጥር ይህ ነበረው፤ በ4ኛው ቀረ፤ እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣው 5ኛው ቁጥር ተመለሰ። ጥንቃቄም ይፈልጋል። ሁለት ተረኞች በየደቂቃው የሚጠራሩ ከሆነ አንዱ ሲገባ ሌላው ሲወጣ ዲስኩ እንደ ወፍጮ ሲያጓራ ይውላል፤ ሥራው ግን ፈቀቅ አይልም። ስለዚህ አብረው የሚሠሩትን አብሮ ማስገባት፣ የማይገናኙትን ማፈራረቅ የፕሮግራም ጸሐፊው ጥበብ ነበር።

ስድስተኛው፣ ገንዘብ ላለው፣ ተጨማሪ የሜሞሪ ካርድ መግዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ሎተስ፣ ኢንቴልና ማይክሮሶፍት ተስማምተው ባወጡት ደንብ ከ640 በላይ ባለው ክልል ውስጥ 64 ኪሎባይት የሚያህል መስኮት ተከፈተ። መስኮቱ ባለ 16 ኪሎባይት አራት ክፍል ነው። ከመስኮቱ በስተጀርባ በሜጋባይት የሚቆጠር ጓዳ አለ፤ ፕሮግራሙ የሚፈልገውን ክፍል ወደ መስኮቱ ያስቀርባል። ኦቨርሌዮችን በዲስክ ፈንታ በዚህ ጓዳ ማኖር ሥራውን በጣም ያፋጥነዋል። አስተውሉ፤ ይህም ቢሆን ፈረቃ ነው።

ግድግዳው ሲወድቅ

ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው 80386 ፕሮሰሰር እስከ 4 ጊጋባይት ድረስ መጥራት የሚችል ነበር። ዶስ ግን ለቀድሞው ፕሮሰሰር የተሠራ ስለሆነ ይህን ሁሉ ሀብት ይዞ በ640 ውስጥ መኖሩን ቀጠለ። ሰፊ ግቢ ገዝቶ በዘበኛ ቤት እንደ መኖር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1989 ዲ.ጄ. ደሎሪ የተባለ አሜሪካዊ ፕሮግራም ጸሐፊ፣ የነፃ ሶፍትዌር እንቅስቃሴ መሥራች የሆኑትን ሪቻርድ ስቶልማንን በአንድ ስብሰባ ላይ ጂ.ሲ.ሲ. የተባለው ኮምፓይለራቸው ለዶስ ይዘጋጅ እንደሆነ ጠየቀ። ስቶልማን ኮምፓይለሩ በጣም ትልቅ፣ ዶስም ጠባብ ስለሆነ አይቻልም ብለው መለሱ። ደሎሪ ይህን እንደ ውድድር ጥሪ ወሰደው። ፕሮሰሰሩን ወደ ሰፊው አሠራር የሚያሸጋግር፣ ዶስ ሲያስፈልግ ደግሞ መልሶ ወደ ጠባቡ የሚያመጣ በረኛ ፕሮግራም ሠራና ያንን "አይገባም" የተባለ ኮምፓይለር በዶስ ላይ አስኬደው። እንዲህ ያሉት በረኞች የዶስ ማስፋፊያ ይባላሉ። ቦርላንድም እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጣው ቦርላንድ ፓስካል 7 ኮምፓይለሩ ራሱ ከ640 በላይ ባለው ሜሞሪ እንዲሠራ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1995 ዊንዶውስ 95 ሲመጣ ደግሞ የ640 ወሬ ለአብዛኛው ሰው ታሪክ ሆነ።

የጥበቱ ዕዳ

ውድ አንባቢያን፣ ታሪኩን እዚህ ላይ በድል ብዘጋው ደስ ባለኝ፤ ግን አንድ ያልተከፈለ ዕዳ አለ። ያን ጊዜ የአማርኛ ፕሮግራም የሠራ ሁሉ ለሆሄያቱ የሰጠው ቁጥር የየራሱ ነበር። አንዱ "ለ" ያለበትን ቁጥር ሌላው "ጠ" ብሎታል። አንዳንዱም ፊደሉ በ256 ስላልገባ በሁለት የፊደል ፋይል ከፍሎታል። ለሁሉም የጋራ የሆነ ቁጥር የተገኘው ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትሙ 345 የግዕዝ ፊደል ምልክቶችን ሲያካትት ነው። ዛሬ ልጆቻችን በስልካቸው አማርኛ የሚጻጻፉት ከዚህ የተነሣ ነው።

ከዚያ በፊት የተጻፈው ግን በየፍሎፒው ውስጥ ተቆልፎ ቀርቷል። የእድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የሙሾ ግጥም፣ የማኅበር ቃለ ጉባኤ፣ ለወላጅ የተጻፈ ደብዳቤ በየቤታችን ካርቶን ውስጥ አለ። ፍሎፒ ደግሞ እንደ ብራና አይደለም፤ ማግኔቱ ከዓመት ወደ ዓመት ይደክማል። ደህና ቢሆን እንኳ የትኛው ቁጥር የትኛው ሆሄ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ካልተገኘ የሚነበበው ትርጉም የለሽ ምልክት ነው። የእኔ የዚያ ዘመን ፕሮግራም የቁጥር ሠንጠረዥ በጠፋ ወረቀት ላይ ነበር፤ ያንን የስማቸውን ርእስ ያረምኩበትን ፋይል ዛሬ ልከፍተው አልቻልኩም። የታተመው ወረቀት ግን አለኝ። ብዙኃኑ ኃ በትልቁ ይታይበታል።

"በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል" ይባላል። በማይነበብ ቁጥር የተጻፈ ግን አይወረስም። ስለዚህ ለበዓላችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ማንኛውም አባል በቤቱ የቀድሞ ፍሎፒ ካለው አይጣለው። በየትኛው ፕሮግራም እንደተጻፈ የሚያስታውሰውን ያህል በወረቀት ጽፎ፣ ከተገኘም በዚያው ፕሮግራም የታተመ አንድ ገጽ አያይዞ፣ ቅዳሜ ከልጆቹ የአማርኛ ትምህርት በኋላ ወደ አዳራሻችን ያምጣው። የታተመው ገጽ የቁጥሩ መፍቻ ቁልፍ ስለሚሆን እጅግ ጠቃሚ ነው። የድሮ ፍሎፒ ማንበቢያ አለኝ፤ ሁለት ወጣቶችም ሊያግዙኝ ፈቃደኛ ሆነዋል።

አዳራሻችንን ካነሣሁ አይቀር፣ እርሱም አንድ ክፍል ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ጧት የልጆች ትምህርት፣ ከሰዓት የእድር ስብሰባ፣ ማታ ለቅሶ ወይም ልደት አስተናግዷል። ቦታ ጠበበ ብለን ያስወጣነው ሰው የለም፤ ተፈራረቅን እንጂ። እኒያ አባት ዛሬ በሕይወት የሉም። በአሥረኛው ዓመታችን ዋዜማ ግን ቃላቸው ለእኔ ከኮምፓይለር መጽሐፍ ሁሉ ይበልጣል፤ ቤት ሲጠብ ልጅ አይጣልም።

ረጅም ዕድሜ ለማኅበራችን!

ከማኅበሩ አባላት አንዱ